ሕግ ያስቀየሩ ሰውነቶች
ስለ አሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ስለ አሜሪካ ፉትቦል በአማርኛ መናገር ያልተለመደ ነገር ነው። እኛ ያደግነው በእግር ኳስና በሩጫ ነው። እዚህ የሚያድጉ ልጆቻችን ግን በመኸርና በክረምት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቴሌቪዥኑ ፊት የሚቀመጡት ይህን ጨዋታ ለማየት ነው። አንዳንዶቹም በየትምህርት ቤታቸው ሄልሜት አጥልቀው ይጫወቱታል። ልጁ የሚወደውን ነገር የማያውቅ ወላጅ ስለዚያ ነገር ሊመክረው ይቸገራል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጨዋታው ስልት ሳይሆን ስለ ተጫዋቾቹ ሰውነት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ሜዳው 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን 4 ሙከራ ይሰጠዋል። በነዚያ 4 ሙከራዎች 10 ያርድ ወደፊት ከገፋ ሌላ 4 ይጨመርለታል፤ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። ኳሱን የሚወረውረው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ከፊቱ 5 ግዙፍ ሰዎች ቆመው ይከላከሉለታል፣ ተቀባዮቹ ደግሞ ራቅ ብለው ይሮጣሉ። የተጋጣሚው ሥራ ኳርተርባኩን መሬት ላይ መጣል፣ ወይም የተወረወረውን ኳስ መጥለፍ ነው። ለዛሬ ይህ ይበቃናል።

የዚህ ጨዋታ የባለሙያዎች ሊግ በየዓመቱ የካቲት ገደማ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ወጣቶችን ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ሰብስቦ ይለካል። ቁመትና ክብደት ብቻ ሳይሆን የክንድ ርዝመትና የመዳፍ ስፋት ሳይቀር ይለካል። 40 ያርድ ያስሮጣል፣ ወደ ላይ ያዘልላል፣ በጀርባ ተኝተው 102 ኪሎ ብረት ስንት ጊዜ እንደሚያነሡም ይቆጥራል። በ2024 ዜቪየር ወርዚ የተባለ ወጣት 40 ያርዱን በ4.21 ሰከንድ ሮጦ የዚያን ፈተና ክብረ ወሰን ሰበረ። ጋዜጦች ስለነዚህ ቁጥሮች ብዙ ይጽፋሉ።

ቁጥሩ ግን ያሳስታል። ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ በ2000 ያንኑ 40 ያርድ የጨረሰው በ5.28 ሰከንድ ነበር። የሊጉ ቡድኖች ከሱ በፊት 198 ወጣቶችን መረጡ። እሱ ግን ሱፐር ቦውል የሚባለውን የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ 7 ጊዜ አሸንፎ እስከ 45 ዓመቱ ተጫወተ። ጄሪ ራይስም ለተቀባይነት ፍጥነት ይጎድለዋል ሲባል የነበረ ሰው ነው፤ 22,895 ያርድ በመቀበል ትቶት የሄደውን ክብረ ወሰን ግን እስካሁን የደረሰበት የለም። ስለዚህ የአንድን ሰው ሰውነት ልዩነት እኔ የማምነው በሰዓትና በሚዛን አይደለም። ሌላ ምስክር አለኝ፤ እሱም የሕጉ መጽሐፍ ነው። አንድ ሰው መጥቶ ከሱ በፊት የነበረው አጨዋወት ሊያቆመው ሲያቅተው ወይ ተጋጣሚዎች አሰላለፋቸውን ይለውጣሉ፣ ወይ የሊጉ ባለቤቶች ተሰብስበው አዲስ ሕግ ያወጣሉ። ያኔ ያ ሰውነት ከሌላው የተለየ መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም።

የመጀመሪያው ምስክሬ ከእኛ ታሪክ ጋር በአንድ ስታዲየም የተገናኘ ሰው ነው። በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ሻምበል አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ከዚያም ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ ተደንቆ አየው። ይህን የማያውቅ እዚህ የለም። በዚያው ኦሎምፒክ፣ በዚያው መሮጫ ላይ ቦብ ሄይስ የተባለ የፍሎሪዳ ልጅ የ100 ሜትሩን ሩጫ በ10.0 ሰከንድ አሸንፏል። መሮጫው የዛሬው ዓይነት ላስቲክ አልነበረም፤ የከሰል አመድ የተደለደለበት ነበር። የደረሰው መስመር 1ኛው፣ የርምጃ ተወዳዳሪዎች ረግጠው ያበላሹት መስመር ነበር። አንደኛውን የመሮጫ ጫማውን ረስቶ ስለመጣ በአንድ እግሩ የተዋሰውን ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው። በ4 በ100 ዱላ ቅብብልም አሜሪካ ወደኋላ ቀርታ ሳለ የመጨረሻውን ዱላ ተቀብሎ ሁሉንም አልፎ ገባ። ቡድኑም በ39.0 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ አንድ ዓይነት ሙያ ያላቸው አይመስሉም ነበር። አበበ 57 ኪሎ ገደማ፣ ሄይስ 85 ኪሎ ገደማ ነበሩ። ለረጅም ርቀት ሯጭ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ የሚሸከመው ዕዳ ነው። የእሱ ጡንቻ ቀስ ብሎ የሚሠራና የማይደክም፣ ኦክስጅን በሚገባ የሚጠቀም ጡንቻ ነው። የአጭር ርቀት ሯጭ ጡንቻ ግን ባንድ ቅጽበት ይፈነዳል፤ ለዚያም መጠኑ ትልቅ መሆን አለበት፣ ቶሎም ይደክማል። ፉትቦል የሚፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው። አንድ ሙከራ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሰከንድ በታች ያልቃል። ከዚያ ተጫዋቹ ቆሞ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይፈነዳል። የእኛ ታላላቅ ሯጮች ሰውነት በዚህ ሜዳ የማይታየው ስላነሰ አይደለም፤ የተሠራው ለሌላ ድንቅ ነገር ስለሆነ ነው።

ሄይስ በ1965 ዳላስ ካውቦይስ ገብቶ በመጀመሪያ ዓመቱ 46 ኳስ ተቀበለ፣ 1,003 ያርድ ተጓዘ፣ 12 ጊዜ አስቆጠረ። ብዙዎች በዚያን ጊዜ የሚከላከሉት ሰው ለሰው ነበር፤ አንዱ ተከላካይ አንዱን ተቀባይ እየተከተለ ይሮጣል። ከዓለም ፈጣኑ ሰው ጋር እኩል የሚሮጥ ተከላካይ ከየት ይመጣል? አሠልጣኞች ሰውየውን መከተል ትተው ቦታ መጠበቅ ጀመሩ። አንዱ ይህን ማዕዘን፣ ሌላው ከበስተኋላ ያለውን ሜዳ ይይዛል፤ ሄይስ ወደየትም ቢሄድ የሚጠብቀው ሰው ያገኛል። ቦታ መጠበቅ ከሱ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ ግን ሁሉም ቡድን እንዲማረው ካስገደዱት ሰዎች መካከል የሄይስን ያህል ስሙ የሚነሣ የለም። በጥር 1972 ዳላስ ሱፐር ቦውል ሲያሸንፍ ሄይስ ከቡድኑ ጋር ነበር። የኦሎምፒክ ወርቅና የሱፐር ቦውል ቀለበት ሁለቱንም ያገኘ እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው። በ2002 አረፈ፤ የፉትቦል የዝና አዳራሽ የተቀበለው ግን በ2009 ነው። በሕይወት ሳለ አለማየቱ ያሳዝነኛል።

ሌሎች ደግሞ ሕጉን በቀጥታ አስቀየሩ። የሎስ አንጀለስ ራምስ ተጫዋች የነበረው ዲከን ጆንስ ቁመቱ 196 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ120 ኪሎ በላይ ነበር። ከፊቱ የቆመውን ሰው ሄልሜት በመዳፉ በጥፊ ይመታውና ያ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን አልፎት ይሄዳል። ሊጉ ይህን ጥፊ በ1977 ከለከለ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የፒትስበርጉ ሜል ብለንት ተራ ደረሰ። ብለንት የመጨረሻው መስመር ተከላካይ ነበር። በዚያ ቦታ የሚጫወቱት ብዙውን ጊዜ ቀጫጭን ሰዎች ሲሆኑ እሱ 190 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 93 ኪሎ ክብደት ነበረው። ተቀባዩን ከመነሻው ጀምሮ እየገፋና እየመታ፣ ኳሱ እስኪወረወር ድረስ ከመንገዱ ያስወጣዋል። የ1978ቱ ሕግ ከ5 ያርድ በኋላ ተቀባይን መንካት ከለከለ፤ ሰዎችም ሕጉን በሱ ስም ይጠሩታል። ዛሬ ልጆቻችሁ የሚያዩት ኳስ በአየር ላይ የሚመላለስበት ጨዋታ በር የተከፈተው ያኔ ነው። ብለንት ራሱ ከሕጉ በኋላም በቡድኑ ውስጥ 6 ዓመት ተጫወተ። እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን ነው፤ መሣሪያው ተቀምቶም ሥራውን አልተወም።

አሁን ወደዚህ ወደ ከተማችን ልምጣ። ኅዳር 18 ቀን 1985 ማታ በአርኤፍኬ ስታዲየም ዋሽንግተንና ኒው ዮርክ ጃየንትስ ይጫወቱ ነበር። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ ጆ ታይዝማን ላይ የወደቀው ሰው ሎውረንስ ቴይለር ነበር። የታይዝማን የቅልጥም አጥንት ተሰበረ፤ የጨዋታ ሕይወቱም በዚያች ሌሊት አበቃ። ቴይለር ወዲያው ብድግ ብሎ ሐኪሞቹን በእጁ እየጠራ ጮኸ። ሊጎዳው እንዳልፈለገ ታይዝማን ራሱ ሁልጊዜ ይናገራል።

ቴይለር ከ1981 በፊት ያልታየ ዓይነት ሰውነት ይዞ ነበር የመጣው። 190 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 107 ኪሎ ክብደት፤ ፍጥነቱ ግን የቀላል ሰው ፍጥነት ነበር። ይህ ጥምረት ለምን እንደሚያስፈራ ትንሽ ፊዚክስ ያስረዳናል። የሚንቀሳቀስ አካል የሚይዘው ኃይል ከክብደቱ ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነቱ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ የ107 ኪሎ ሰው 3,400 ጁል ገደማ ይዞ ይመጣል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ የ140 ኪሎ ሰው ግን የሚይዘው 1,750 ጁል ነው። ቀለል ያለው ሰው የከባዱን እጥፍ ያህል ይዟል ማለት ነው። ቴይለርን ይጠብቁት የነበሩት ኋላ የሚቆሙት ትናንሾቹ ሯጮች ይህን መቋቋም አልቻሉም፤ ፊት ያሉት ግዙፎቹ ደግሞ አይደርሱበትም።

አሠልጣኞች ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረባቸው። በጥር 1982 የሳን ፍራንሲስኮው ቢል ዋልሽ ጆን ኤርስ የተባለውን ተጫዋቹን ከመሀል መስመር እያነሣ ቴይለርን ብቻ እንዲገታ አደረገው። የዋሽንግተኑ ጆ ጊብስ አንድ ተጨማሪ ከባድ ሰው ወደ መስመሩ ጨመረ። ከጊዜ በኋላ ሁሉም የደረሰበት መልስ ግን ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ ጀርባውን የሚሰጠው ለግራ ጎን ነው የሚል ነበር። ያን ግራ ጎን የሚጠብቅ ሰው ግዙፍ ብቻ መሆን የለበትም፤ ክንደ ረጅምና እግረ ቀላልም መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ የሚጫወቱት ከሊጉ ትልቅ ደመወዝ ከሚከፈላቸው መካከል ናቸው። በአንድ ሰው ምክንያት ዋጋው የተወደደ ሌላ ዓይነት ሰውነት ተፈለገ ማለት ነው።

ፍለጋው ሩቅ ድረስ ሄዷል። ጆርዳን ማይላታ አውስትራሊያ ውስጥ ራግቢ ሲጫወት ያደገ፣ 203 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ወጣት ነው። ፊላደልፊያ በ2018 ሲመርጠው አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ ተጫውቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ያንኑ ግራ ጎን ይጠብቃል፤ በ2025ም ሱፐር ቦውል አሸንፏል። ከሱ በፊት ደግሞ ናይጄሪያዊው ክሪስቲያን ኦኮዬ ነበር። ኢኑጉ ከተማ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የመጣው በዲስክ ውርወራ ችሎታው ነው። በ1984 አገሩ ለኦሎምፒክ ሳትመርጠው ስትቀር ፉትቦል ጀመረ፤ ዕድሜው 23 ነበር። 118 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ ሆኖ በ1989 በ1,480 ያርድ ሊጉን በሙሉ መራ።

ልዩ ሰውነት ስል ግን ግዙፍና ፈጣን ብቻ ማለቴ አይደለም። ቶም ዴምፕሲ ሲወለድ ቀኝ እግሩ ጣት፣ ቀኝ እጁም ጣት አልነበረውም። በኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ኳስ መቺ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ የሚመታውም በዚያው በቀኝ እግሩ ነው። ለእግሩ ተብሎ የተሠራው ጫማ ፊቱ ጠፍጣፋ ነበር። ኅዳር 8 ቀን 1970 ዲትሮይት ቡድኑን 17 ለ16 እየመራ ሳለ የቀረው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። ዴምፕሲ ከ63 ያርድ፣ ማለትም ከ57 ሜትር በላይ መትቶ አገባ፤ 19 ለ17 አለቀ። የቀድሞው ክብረ ወሰን 56 ያርድ ነበር። ዴምፕሲን የሚበልጥ እስኪገኝ 43 ዓመት ፈጅቷል፤ ያም በ2013 በአንድ ያርድ ብቻ ነው።

ሊጉ በ1977 እንዲህ ያለ እግር የሚያደርገው ጫማ የመምቻ ፊቱ እንደ ማንኛውም የኳስ ጫማ እንዲሆን ደነገገ። ይህ ሕግ ልክ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። በጆንስ ላይ የወጣው ሕግ ጥንካሬ ሌላውን እንዳይጎዳ የወጣ ነው። ዴምፕሲ ግን ማንንም አልጎዳም። ያ ጫማ የጎደለውን የሚተካለት እንጂ የሚያስበልጠው አልነበረም፤ የሚያስበልጠው ቢሆን ኖሮ እንዲያ ሲመታ በየሳምንቱ እናይ ነበር።

በእንዲህ ያለ ጉዳይ ጊዜው ትንሽም ቢሆን ተሽሏል። ሻኪም ግሪፈን ግራ እጁን ያጣው በ4 ዓመቱ ነው፤ ሲወለድ የነበረበት እክል እጁን እያሳመመው ስለነበር በቀዶ ጥገና ተቆረጠለት። በ2018 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሰው ሠራሽ እጅ አስሮ 102 ኪሎውን ብረት 20 ጊዜ አነሣ። 40 ያርዱንም 103 ኪሎ እየመዘነ በ4.38 ሰከንድ ሮጠ። ሲያትል መረጠው፤ መንትያ ወንድሙ ቀድሞ እዚያው ቡድን ውስጥ ነበርና ሁለቱ ባንድ ማሊያ ተሰለፉ።

ቦ ጃክሰንን ሳላነሣ ብሄድ ይቅር አትሉኝም። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤዝቦልም ፉትቦልም በከፍተኛው ደረጃ የሚጫወት፣ በሁለቱም ለኮከቦች ግጥሚያ የተመረጠ የመጀመሪያው ሰው ነው። በኅዳር 1987 በሲያትል ላይ 221 ያርድ ሮጠ። ከዚያ ውስጥ 91 ያርዱ አንድ ሩጫ ነበር፤ ከመስመሩ ካለፈ በኋላም መቆም አቅቶት መተላለፊያው ውስጥ ገብቶ ተሰወረ። በጥር 1991 በሲንሲናቲ ላይ ሲሮጥ ከኋላ ያዙት። አያያዙ በየግጥሚያው የሚታይ ዓይነት ነበር። ዳሌው ከመገጣጠሚያው ወጣ፣ ወደ አጥንቱ የሚሄደው ደም ተቋረጠ፣ አጥንቱም ሞተ። ጡንቻ በልምምድ ይፈረጥማል፤ ያን ጡንቻ የሚሸከመው መገጣጠሚያና አጥንቱን የሚመግበው ቀጭን የደም ሥር ግን በዚያው ልክ አይፈረጥሙም። ጃክሰን በ1992 ሰው ሠራሽ ዳሌ ተተከለለት። በ1993 ወደ ቤዝቦል ተመልሶ በመጀመሪያው ተራው ኳሷን ከሜዳ ውጭ ላካት። ፉትቦል ግን ዳግም አልተጫወተም።

ከዳሌ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጭንቅላት ነው፤ ወላጆች በተለይ ይህን አድምጡኝ። ማይክ ዌብስተር ለ17 ዓመት የመሀል መስመር ተጫዋች ነበር፤ ከፒትስበርግ ጋርም 4 ሱፐር ቦውል አሸንፏል። ጨዋታ ካቆመ በኋላ ሐሳቡ እየተበታተነ፣ ማስታወስ እያቃተው በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን የመረመሩት ናይጄሪያዊው ሐኪም ዶክተር ቤኔት ኦማሉ ናቸው። አንጎሉ ላይ ላዩን ሲታይ ጤነኛ ይመስል ነበር። እሳቸው ግን በዚያ አላቆሙም፤ በስስ አስቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ታው የተባለው ፕሮቲን ተከማችቶ አገኙ፤ ይህም የአንጎል በሽታ ምልክት ነበር። ግኝታቸውን በ2005 በሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የሊጉ ሐኪሞች ጽሑፉ ከመጽሔቱ እንዲሰረዝ ጠየቁ፤ ኦማሉ ግን ጸኑ። ሊጉ በጨዋታውና በበሽታው መካከል ግንኙነት እንዳለ በአንድ ከፍተኛ ኃላፊው አፍ ለኮንግረስ ያመነው በ2016 ነው። ለቀድሞ ተጫዋቾች በስምምነት የተከፈለው ገንዘብም ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል።

ሄልሜት የራስ ቅልን ከመሰንጠቅ ያድናል፤ ውስጡ ያለውን አንጎል ግን ከመናጥ አያድነውም። ወተት በቅል ስንንጥ ቅሉ ደህና ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው ይለወጣል፤ የሚሆነውም እንደዚሁ ነው። ጉዳቱ የሚመጣውም ሰው ራሱን ስቶ ከሚወድቅበት ትልቅ ምት ብቻ አይደለም። እንደ ዌብስተር በየሙከራው ከፊቱ ካለው ሰው ጋር የሚጋጭ ተጫዋች ማንም ልብ የማይለው ምት በሺህ ይቆጠርበታል። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 111 የሊጉ ተጫዋቾች አንጎል መርምረው በ110ሩ ላይ ይህን በሽታ አገኙ። አንጎሎቹ በቤተሰብ ፈቃድ የተሰጡ፣ ብዙዎቹም በሕይወት ሳሉ ምልክት የታየባቸው ስለነበሩ የሁሉም ተጫዋች ዕጣ ይኸው ነው ማለት አይቻልም። ቁጥሩን ሰምቶ ዝም ማለትም አይቻልም።

የሕጉ መጽሐፍ እንደገና መቀየር የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። በ2018 አናትን ዝቅ አድርጎ ሰውን በሄልሜት መግጨት ጥፋት ሆነ። በ2024 የመክፈቻው ምት አሰላለፍ ተለወጠ፤ ተጫዋቾች ከሩቅ እየተንደረደሩ መጋጨታቸው ቀርቶ ተቀራርበው ቆመው ኳሱ እስኪወርድ እንዲጠብቁ ተደረገ። ቀድሞ ሕጉ የሚወጣው አንድ ሰው ከሌሎቹ ስለበለጠ ነበር። ይህ የወጣው ግን ቴይለርም ሆነ ከሱ ትይዩ የቆመው ተራ ሰው በእኩል ስለሚጎዱበት ነገር ነው። በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ፍላግ ፉትቦል የሚባለው ዓይነት ይገባል። በየወገኑ 5 ሰው ይጫወታል፤ ሰው መጣል የለም፣ ከወገብ የተንጠለጠለውን ጨርቅ መንጠቅ ይበቃል። የሊጉ ተጫዋቾችም እንዲሳተፉ የቡድን ባለቤቶቹ በ2025 ፈቅደዋል። ልጃችሁ ፈጣን ከሆነና ኳሷን ከወደዳት እኔ ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ፤ አስቀድሜ ግን ልጆቻቸው ሄልሜት አጥልቀው የሚጫወቱላቸው እናቶችና አባቶች ቢናገሩ ደስ ይለኛል።